ስም፣ ልደት፣ ጾታ፦ በኦንላይን ዳታቤዝ የሰው መረጃ ስትመዘግቡ የቱን ትመርጣላችሁ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት አጃቢ ድምፃዊት ገጽ ከፈትኩ። ድምጿ በብዙ አልበሞች ላይ አለ። ስሟ ግን የሚገኘው በሽፋኑ ጀርባ፣ ለማንበብ በሚያስቸግር ደቃቅ ፊደል ነው። ሥራዎቿን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ደስ የሚል ሥራ ነበር። መጨረሻ ላይ «የልደት ቀን» የሚል ባዶ ሳጥን ቀረኝ። ጓደኞቿ በማኅበራዊ ሚዲያ «እንኳን ተወለድሽ» ያሏትን አገኘሁ። አንዷ ስንት ዓመት እንደሞላትም ጽፋለች። ቀነስኩና ሞላሁት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ከወራት በኋላ መልእክት ደረሰኝ። ቁጣ የለበትም። «ሥራዎቼን ስለሰበሰብክልኝ አመሰግናለሁ። ልደቴን ግን ከየት አመጣኸው? ማንም እንዲያውቀው አልፈልግም ነበር» ይላል። ወዲያው አጠፋሁት። ግን ቀኑ እስከዚያ ድረስ ወደ ሌሎች ሦስት ድረ ገጾች ተቀድቷል። አንዱ ላይ ለማስነሳት ሳምንታት ለመንኩ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለው ያኔ ገባኝ።

በፊልም፣ በሙዚቃ ወይም በጌም ዳታቤዝ ላይ በፈቃዳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ሳጥን እናንተንም ይገጥማችኋል። ብዙ ሰው ያለው ምርጫ መሙላት ወይም መተው ብቻ ይመስለዋል። በመሃል ሌሎች መንገዶች አሉ። የትኛው መቼ እንደሚሻል፣ የትኛውስ ድረ ገጽ ላይ እንደሚሻል ከዚህ በታች አወዳድሬዋለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የልደት ቀን፦ ሙሉ ቀን፣ ዓመት ብቻ ወይስ ባዶ?

ሙሉ ቀን ጥቅም የለውም አልልም። ሞክሼዎችን ይለያል። አንድ ስም ያላቸው ሁለት የካሜራ ባለሙያዎች ሲኖሩ የአንዱ ሥራ ለሌላው እንዳይሰጥ ያግዛል። ለታሪክ ጸሐፊም ይጠቅማል።

ጉዳቱ ግን ከዚያ ይበልጣል። በ2000 ላታንያ ስዊኒ የተባለች የኮምፒውተር ሳይንቲስት አንድ ስሌት አወጣች። የፖስታ ቁጥር፣ ጾታ እና ሙሉ የልደት ቀን ብቻ ይዞ 87 በመቶ የሚሆነውን የአሜሪካ ሕዝብ አንድ በአንድ መለየት ይቻላል የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ስም የለበትም። የእኛ ገጽ ላይ ግን ስሙም አለ፣ ፎቶውም አለ፣ ብዙ ጊዜ ከተማውም አለ። በዚያ ላይ የልደት ቀን ባንክም ሆነ የስልክ ድርጅት «እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ» ብሎ የሚጠይቀው ነገር ነው።

ሌላው ጉዳት የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለተዋናይ ዕድሜ ማለት ሥራ ማለት ነው። በ2011 አንዲት ተዋናይት አይኤምዲቢ የተባለውን የፊልም ዳታቤዝ ከሰሰች፤ ትክክለኛ ዕድሜዬን በማውጣት ሥራ አሳጣኝ ብላ። ስሟ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አለ፤ እዚህ መድገሙ ግን ለማንም አይጠቅምም። በ2013 በሲያትል ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ለድርጅቱ ፈረዱ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2016 ካሊፎርኒያ አንድ ሕግ አወጣች። ተመዝጋቢው ከጠየቀ እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች ዕድሜውን እንዲያነሱ የሚያስገድድ ነበር። የተዋንያኑ ማኅበር ከጀርባው ቆሞ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በ2018 የመናገር ነጻነትን ይጋፋል ብሎ ጣለው። ይግባኝ ሰሚውም በ2020 አጸናው። አይኤምዲቢ በኋላ ባለሙያዎች ራሳቸው ጠይቀው የልደት ቀናቸውን ከገጻቸው ማስነሳት እንዲችሉ ፈቅዷል። እንግዲህ በሕግ አስገድዶ ማስጠፋት አልተሳካም፤ በጥያቄ ማስነሳት ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀድሞውኑ አለመጻፍ ነው። ያ ደግሞ በእናንተና በእኔ እጅ ነው።

ዓመት ብቻ መጻፍ የመሃል መንገድ ነው። አርቲስቱ የየትኛው ዘመን ሰው እንደሆነ ይናገራል። ሞክሼም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ይለያል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ደንብም ወደዚህ ያደላል። በሕይወት ላለ ሰው ሙሉ ቀን የሚጻፈው ታማኝ ምንጮች በስፋት ካወጡት፣ ወይም ሰውየው ራሱ እንደማይቃወም ከሚያሳይ ምንጭ ከተገኘ ነው። ሰውየው ቅር ካለው ወይም እምብዛም የማይታወቅ ከሆነ ዓመቱ ብቻ ይበቃል ይላል።

መሣሪያውም ይፈቅዳል። ሙዚክብሬይንዝ በተባለው የሙዚቃ ዳታቤዝ ላይ ዓመት፣ ወር እና ቀን ለየብቻ ሳጥን አላቸው፤ ሁለቱን ባዶ ትታችሁ ዓመቱን መሙላት ትችላላችሁ። የዊኪፒዲያ እህት የሆነው የመረጃ ቋት ዊኪዳታ ደግሞ «ትክክለኛነቱ እስከ ዓመት ነው» የሚል ምልክት አብሮ ያስቀምጣል። አሥርት ዓመትና ክፍለ ዘመን ድረስ መሄድም ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ዓመት ብቻ ሲሰጠው መቀበል አይችልም። ስለዚህ ራሱ ጃንዋሪ 1ን ይጨምርበታል። ከዚያ ሌላው ይቀዳዋል፣ ሌላው ደግሞ ያንን ይቀዳል። በመጨረሻ ሰውየው ጃንዋሪ 1 ተወለደ ተብሎ የልደት መልካም ምኞት ይዘንብለታል። ስለዚህ ጃንዋሪ 1 የሚል የልደት ቀን ስታዩ ሌላ ማረጋገጫ እስክታገኙ አትመኑት። ቅጹ ሙሉ ቀን ካልተሰጠው እምቢ የሚላችሁ ከሆነ ደግሞ ፈጥራችሁ አትሙሉ፤ ባዶ ተዉት።

ባዶ መተው ብዙዎቻችንን ይከብደናል። ያልተጨረሰ ሥራ ይመስላል። እኔ ግን አሁን አሁን ባዶ ሳጥንን እንደ መልስ ነው የማየው። የኔ አመራረጥ እንዲህ ነው። በአደባባይ ልደቱን ለሚያከብር ዝነኛ ሰው ሙሉ ቀን እጽፋለሁ። በቃለ ምልልስ «የተወለድኩት በዚህ ዓመት ነው» ላለ ባለሙያ ዓመቱን ብቻ። ለድምፅ ቀራጭ፣ ለስታንት ሠራተኛ፣ ለአጃቢ ሙዚቀኛ፣ ስሙ በፊልም መጨረሻ ሮጦ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ባዶ። ለሕፃናት ተዋንያን ምንጊዜም ባዶ፤ ወላጆቹ ራሳቸው የትም ቢጽፉትም እንኳ። ልጁ አድጎ የራሱን ውሳኔ ይወስን።

የሞት ቀን ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ አትቸኩሉ። ራፐሩ ኤምኤፍ ዱም ያረፈው ኦክቶበር 31 ቀን 2020 ነው። ቤተሰቡ ለሕዝብ የነገረው ዲሴምበር 31 ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሐዘናቸውን ለብቻቸው ይዘዋል። በዚያ መሃል ወሬ የሰማ ሰው ሮጦ ቢመዘግብ ኖሮ ያንን ጊዜ ይቀማቸው ነበር። ቤተሰብ ወይም አብሮት የሚሠራ አካል እስኪናገር መጠበቅ ነው።

ስም፦ የትኛው ዋና ይሁን?

ይሄ ከልደትም በላይ ያከራክራል። ምክንያቱም ስም ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ሥራው ላይ የታተመው ነው። ሁለተኛ፣ ሰውየው ራሱን የሚጠራበት ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ዩሱፍ ኢስላምን እንውሰድ። ሲወለድ የወጣለት ስም ስቲቨን ዲሜትሪ ጆርጂዩ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ዓለም ያወቀው ካት ስቲቨንስ በሚል የመድረክ ስም ነው። እስልምናን ከተቀበለ በኋላ በ1978 ዩሱፍ ኢስላም ሆነ። ሦስቱንም ስሞች እሱ ራሱ በአደባባይ ይናገራቸዋል፣ የተደበቀ ነገር የለም። ጥያቄው አቀማመጡ ነው። የድሮ አልበሞቹን ሁሉ «ዩሱፍ» ብሎ መቀየር ሽፋኑን መዋሸት ነው። ሰውየውን ለሁለት ገጽ መክፈልም ልክ አይደለም።

ጥሩ ዳታቤዞች ለዚህ መፍትሔ አላቸው። ሙዚክብሬይንዝ ላይ እያንዳንዱ አልበም ሽፋኑ ላይ በተጻፈው ስም ይታያል፤ ከጀርባ ግን ሁሉም ከአንድ ሰው ገጽ ጋር ይያያዛል። የሙዚቃ እትሞችን የሚመዘግበው ዲስኮግስም ያንኑ ያደርጋል፤ «የስም ልዩነት» ብሎ በዋናው ስም ሥር ያስቀምጠዋል። አይኤምዲቢ ከሥራው አጠገብ በቅንፍ «በዚህ ስም» ብሎ ይጽፋል። ይህን መንገድ ስትጠቀሙ ሥራው በታተመበት ይቆያል፣ ሰውየውም ዛሬ በሚጠራበት ይጠራል። አንዱን ለማክበር ሌላውን መስዋዕት ማድረግ የለባችሁም። ስሙን ለቀየረ፣ ትዳር ይዞ ወይም ፈትቶ ለለወጠ፣ ጾታውን ለቀየረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምትሞክሩት ይህንን ይሁን።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። በመድረክ ስም ብቻ የሚታወቅ ሰው ትክክለኛ ስሙ ይመዝገብ ወይ? ዲስኮግስ ለዚህ «እውነተኛ ስም» የሚል ሳጥን አለው። ሙዚክብሬይንዝ «ሕጋዊ ስም» የሚል ዓይነት ያለው ተለዋጭ ስም ማስገባት ይፈቅዳል። ሳጥኑ ስላለ ግን መሞላት አለበት ማለት አይደለም። ጭንብል ለብሶ የሚሠራ ፕሮዲውሰር ጭንብሉ የሥራው አካል ነው። ሌላውም በጥላቻ ዘመቻ ምክንያት ይሆናል የደበቀው፣ ወይም ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለው።

እዚህ ላይ የሚፈትን ነገር አለ። እንደ አስካፕ እና ቢኤምአይ ያሉ የዜማና ግጥም ደራሲያን መብት ማኅበራት የሥራ ዝርዝራቸውን ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። እዚያ ላይ ብዙ ደራሲ በሕጋዊ ስሙ ነው የሚገኘው። የዘፈኑን ርዕስ ፈልጎ፣ ስሙን አግኝቶ፣ «ያዝኩት!» ብሎ መመዝገብ በጣም ቀላል ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። አሁን ግን በዚህ መንገድ ያገኘሁትን የምጠቀመው ለማጣራት ብቻ ነው። ሁለት ገጾች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለራሴ ባረጋግጥም፣ ሰውየው ሁለቱን ስም አያይዞ በአደባባይ እስካልተናገረ ድረስ አላገናኛቸውም። ሰውየው የተመዘገበው ክፍያ እንዲደርሰው ነው እንጂ እንድንገልጠው አይደለም።

የልደት ስምም እንደዚሁ ነው። አይኤምዲቢ በኦገስት 2019 ደንቡን አሻሽሏል። ጾታቸውን የቀየሩ ሰዎች የልደት ስማቸው እየወጣ ተቸገርን ብለው ከተከራከሩ በኋላ ነው። በስፋት የማይታወቅ የልደት ስም ሰውየው ከጠየቀ ይነሳል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ጾታውን የቀየረ፣ በሕይወት ያለና በድሮ ስሙ ታዋቂ ያልነበረን ሰው የድሮ ስም ጭራሹኑ አይጽፍም። ይሄኛው መስመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሰውየው መጥቶ እስኪለምን አይጠብቅም።

ጾታ፣ ቦታ፣ ቤተሰብ

ጾታን ከስም ወይም ከፎቶ አትገምቱ። በአንድ አገር የሴት የሆነ ስም በሌላ አገር የወንድ ነው። ሰውየው ስለ ራሱ ሲናገር ወይም የራሱ ድረ ገጽ ሲያስተዋውቀው እንዴት እንደሚል ተመልከቱ። ቲኤምዲቢ በተባለው የፊልም ዳታቤዝ ላይ ከጾታ አማራጮቹ አንዱ «አልተሞላም» ነው። ካላወቃችሁ እሱን ተዉት እንዳለ።

ቦታ ላይ የትውልድ ቦታና የመኖሪያ ቦታ አይምታታባችሁ። ሙዚክብሬይንዝ «አካባቢ» የሚለው አርቲስቱ በዋናነት የሚታወቅበትን ነው፤ አገር ብቻ መጻፍ ይበቃል። ዛሬ የሚኖርበትን ሰፈር መጻፍ ለማንም ጥቅም የለውም።

ቤተሰብ የሚመዘገበው ከሥራው ጋር ሲገናኝ ነው። ወንድምና እህት አንድ ባንድ ውስጥ ከተጫወቱ ያ የሙዚቃ ታሪክ ነው። የልጆች ስም ግን አይደለም። ዝነኛው ወላጅ ነው እንጂ ልጁ አይደለም።

ጤና፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አቋም፣ የፍቅር ሕይወት ከሁሉም ይብሳሉ። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራው ጂዲፒአር፣ እነዚህን ለብቻ ለይቶ ያጠብቃቸዋል። «እኔ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ ድርጅት አይደለሁ» ማለትም አያድንም። በ2003 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የአንዲት ስዊድናዊት ጉዳይ አይቷል። ሴትዮዋ በቤተ ክርስቲያን በበጎ ፈቃድ ታገለግል ነበር። ስለ አገልጋይ ባልደረቦቿ ድረ ገጽ ሠርታ አንዷ እግሯን እንደተጎዳች ጻፈች። ክፋት አልነበረውም። ፍርድ ቤቱ ግን ይህ የጤና መረጃ ነው አለ። ኢንተርኔት ላይ ለዓለም የወጣ ነገር «የግል የቤት ውስጥ ጉዳይ» ሊባል እንደማይችልም ወሰነ።

የት ይመዝገብ?

አንድ መረጃ የት እንደምታስቀምጡት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ይወስናል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

በጣም ርቆ የሚሄደው ዊኪዳታ ነው። በ2012 የተጀመረ ሲሆን መረጃው ሲሲ ዜሮ በሚባለው ፈቃድ ይለቀቃል፤ ማንም ያለ ምንም ግዴታ ይወስደዋል። የፍለጋ ሞተሮችና በድምፅ የሚጠየቁ ረዳቶች ከዚያ ይቀዳሉ። ጥሩ ጎኑ እያንዳንዱ መረጃ የራሱን ምንጭ መያዝ መቻሉ ነው። ስለዚህ ዊኪዳታ ላይ የሰው መረጃ ያለ ምንጭ ፈጽሞ አታስገቡ። ለሰውየው ቅርብ የሆነ ጠንካራ ምንጭ ከሌላችሁ መጀመሪያ የምትተዉት ቦታ ይሄ ይሁን።

ቲኤምዲቢ ከ2008 ጀምሮ ያለ የፊልምና የቴሌቪዥን ዳታቤዝ ነው። እዚያ የጻፋችሁት እንደ ሌተርቦክስድ፣ ኮዲ፣ ጄሊፊን ባሉ የፊልም ድረ ገጾችና ፕሮግራሞች ላይ ይታያል። ለውጡ ወዲያው ነው የሚወጣው። ሲያስፈልግ አወያዮች አንድን ሳጥን መቆለፍ ይችላሉ። ይህ አንድ ሰው ልደቱ እንዲነሳ ጠይቆ ሌላው በማግስቱ እየመለሰ ሲያስቸግር ትልቅ እፎይታ ነው።

ለሙዚቃ ከሆነ እኔ ሙዚክብሬይንዝን እመርጣለሁ። ነባር መረጃ ስትቀይሩ አብዛኛው ለውጥ 7 ቀን ለድምፅ መስጫ ይቆያል፤ ሌሎች አይተው «ይሄ የግል ነገር ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ባዶ ቦታ መሙላት ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ያልፋል። እኛን የሚያሰናክለው ደግሞ እሱ ነው። ዲስኮግስ ከ2000 ጀምሮ ለሸክላና ለሲዲ እትሞች ወደር የለውም። እዚያ ያስገባችሁት መጀመሪያ ይወጣል፣ ድምፅ የሚሰጠው በኋላ ነው። ሞክሼዎችንም በልደት ሳይሆን በቁጥር ይለያል፤ ከስሙ አጠገብ በቅንፍ 2፣ 3 እያለ። ይህን ስታዩ «ለመለየት ልደት ያስፈልጋል» የሚለው ክርክር ይሳሳል። ቁጥርና የሥራ ዘርፍ ይበቃል።

አይኤምዲቢ በ1990 ከፊልም ወዳጆች ዝርዝር ተነስቶ ከ1998 ጀምሮ የአማዞን ነው። የምትልኩትን የድርጅቱ ሰዎች ያጣራሉ። ማን ምን እንደጻፈ ግን ለሕዝብ አይታይም፤ ስሕተት ሲገኝ ከየት እንደመጣ መከታተል ይከብዳል። ባለሙያው ራሱ ገጹን ተረክቦ ማስተካከል መቻሉ ግን ጥሩ ነው። ስለዚህ እዚያ ሥራውን መዝግቡና የግል ጉዳዩን ለባለቤቱ ተዉለት።

ከአንዱ ዳታቤዝ ወደ ሌላው መቅዳት ምንጭ ማግኘት አይደለም። ዊኪፒዲያ አይኤምዲቢን ስለ ሰው መረጃ እንደ ታማኝ ምንጭ አይቀበልም፤ ምክንያቱም እዚያም የጻፈው እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። በ2005 የጋዜጠኛው ጆን ሲገንታለር የዊኪፒዲያ ገጽ ላይ የሐሰት ታሪክ ተጽፎ ከአራት ወር በላይ ቆይቷል፤ ሌሎች ድረ ገጾችም ቀድተውት ነበር። ሦስት ቦታ የተጻፈ አንድ ቀን ሦስት ማረጋገጫ ላይሆን ይችላል። አንድ ስሕተት ሦስት ጊዜ ተቀድቶም ሊሆን ይችላል።

ሰውየው «አጥፉልኝ» ሲል

መጀመሪያ፣ ለምን እንደሆነ እንዲያስረዳ አታስገድዱት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ራሱ የግል ነው። ሁለተኛ፣ የምትችሉት ከሙሉ ቀን ወደ ዓመት ዝቅ ማድረግ ከሆነ ንገሩትና እሱ ይምረጥ። እኔ የጠየቅኳቸው አንዳንዶቹ «ዓመቱ ይቆይ፣ ችግር የለውም» ብለውኛል። ያቺ ድምፃዊትም እንደዚያ ልትል ትችል ነበር፤ ቀድሜ ብጠይቃት። ሦስተኛ፣ መረጃው የተቀዳባቸውን ሌሎች ገጾች ዝርዝር ስጡት። እሱ ከሚፈልግ እናንተ ብታገኙት ይፈጥናል፤ የመረጃውን መንገድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ስታጠፉ ደግሞ የማሻሻያ ማስታወሻው ላይ ተጠንቀቁ። አብዛኞቹ ዳታቤዞች የለውጥ ታሪክ ያስቀምጣሉ፤ «ለምን ቀየርክ?» ብለውም ይጠይቃሉ። ሰው በቅንነት «የልደት ቀኑ ይሄ ነበር፣ በባለቤቱ ጥያቄ አጥፍቼዋለሁ» ብሎ ቀኑን እንዳለ ይጽፈዋል። ያጠፋውን እዚያው መልሶ ጻፈው ማለት ነው፤ ያውም በፍለጋ ቶሎ በሚገኝ ቦታ። «በባለቤቱ ጥያቄ የግል መረጃ ተነስቷል» በቂ ነው። በታሪኩ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ቅጂ ለመሰወር ዊኪፒዲያና ዊኪዳታ ላይ ለአስተዳዳሪዎች ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። ጥያቄውን በሕዝብ መወያያ ገጽ ላይ ሳይሆን በግል መልእክት ላኩ።